ለማይንክራፍት ወዳጅ ልጅ ምን ይገዛለት? ምንስ ይሠራለት?

ገና ወይም የልጅ ልደት በቀረበ ቁጥር ከጎረቤቶቼ የሚመጣልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «ልጄ ከማይንክራፍት ሌላ ነገር አይታየውም፤ ምን ብገዛለት ደስ ይለዋል?» ይሉኛል። ጥያቄው ወደ እኔ የሚመጣው መተዳደሪያዬ የሕንፃ ንድፍ ስለሆነና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ በብሎካችን ኮሙናል ውስጥ የሠፈሩን ልጆች ሰብስቤ ስለ ልክና ስለ ንድፍ ስለማስተምር ነው። ደረጃ ላይ ቆሜ ለእያንዳንዱ ወላጅ በጥድፊያ ከምመልስ፣ የማውቀውን በሙሉ በጽሑፍ ማስፈር የተሻለ ሆኖ አገኘሁት።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ይህን ጨዋታ የሚወድ ልጅ የሚወደው መሥራትን ነው። ስለዚህ የጨዋታው ሥዕል ከታተመበት ቦርሳና ኮፍያ ይልቅ የበለጠ እንዲሠራ፣ በተሻለ እንዲሠራ፣ የሠራውም እንዳይጠፋበት የሚረዳው ዕቃ ለእርሱ ይበልጥበታል። እንዲህ ያለው ዕቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው፤ አንዳንዱም ጭራሽ በነፃ የሚገኝ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቁ አያቶችና አጎቶች ጥቂት ልበል። ማይንክራፍት በስዊድን ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ቀረበ፤ ሙሉው ሥሪት የወጣው በኅዳር 2011 ነው። ማይክሮሶፍት በ2014 አሠሪውን ሞያንግን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2023 ደግሞ የተሸጠው ቅጂ ከ300 ሚሊዮን ማለፉ ተነገረ። ዓለሙ በሙሉ ከኩብ የተሠራ ሲሆን እያንዳንዱ ኩብ በየጎኑ 1 ሜትር እንደሆነ ይቆጠራል። ልጁ አፈሩን ቆፍሮ፣ ዛፉን ቆርጦ፣ ድንጋዩን ፈልፍሎ ያወጣውን ኩብ ወደፈለገው ቦታ ወስዶ ይደረድራል። ሰርቫይቫል በሚባለው አጨዋወት መራብም መሞትም አለ፤ ቀንና ሌሊቱ በ20 ደቂቃ ውስጥ ይፈራረቃል፣ ሲመሽም ጭራቆች ይወጣሉ። ክሪኤቲቭ በሚባለው ግን ሁሉም ዓይነት ብሎክ ያለ ገደብ ይሰጣል፣ ልጁም እየበረረ ይገነባል። ልጃችሁ አዘውትሮ የሚጫወተው የትኛውን እንደሆነ ማወቅ ስጦታውን ለመምረጥ ይረዳል።

ከዚያ በፊት ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ ልጁ የሚጫወተው በምንድን ነው? ማይንክራፍት ሁለት ዋና ዋና ሥሪቶች አሉት። ጃቫ የሚባለው ለኮምፒዩተር ብቻ ነው። ቤድሮክ የሚባለው በስልክ፣ በታብሌት፣ በኤክስቦክስ፣ በፕሌይስቴሽንና በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ይሠራል። ከ2022 ወዲህ ለኮምፒዩተር ሲገዛ ሁለቱ አብረው ይሸጣሉ፤ ለስልክ የተገዛው ግን ወደ ኮምፒዩተር አይሻገርም፣ የኮምፒዩተሩም ለስልክ አያገለግልም። በእኛ ሠፈር አብዛኛው ልጅ የሚጫወተው በእናቱ ወይም በአባቱ ስልክ ስለሆነ፣ ያለው ቤድሮክ ነው። ማይንኮይን የሚባለው፣ በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛው የጨዋታ ሳንቲም፣ የሚያገለግለውም በቤድሮክ መደብር ውስጥ ነው፤ በጃቫ ለሚጫወት ልጅ ማይንኮይን መስጠት ገንዘብን በከንቱ ማውጣት ነው። እኔ ለቤድሮክ ተጫዋችም ቢሆን አልመክረውም። ሌላ ሰው የሠራውን ዓለምና ልብስ መግዣ ስለሆነ ልጁን ከሠሪነት ወደ ሸማችነት ይወስደዋል።

ጨዋታውን ራሱን በስጦታ መስጠት ለሚፈልግ ወላጅ ትልቁ ችግር ክፍያው ነው። ቴሌብር ለአስቤዛም ለታክሲም መፍትሔ ሆኖልናል፤ ከውጭ አገር የሚገዛ ጨዋታ ግን በአብዛኛው ዓለም አቀፍ ካርድ ይጠይቃል። ስለዚህ ብዙዎች በቴሌግራም ከሚያሻሽጡ ሰዎች ኮድ ይገዛሉ። በዚህ መንገድ የምትገዙ ከሆነ የምትገዙት ያልተነካ ኮድ መሆኑን፣ በልጁ አካውንት ላይም እንደሚሠራ አረጋግጡ፤ «አካውንቱን ከነይለፍ ቃሉ እሰጥሃለሁ» የሚለውን ሻጭ እለፉት። የሌላ ሰው አካውንት ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ መልሶ ሊወስደው ስለሚችል፣ ልጁ የደከመበትን ሁሉ ይዞበት ሊሄድ ይችላል። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ግን ጫማና ቸኮሌት ላክልኝ ከማለት ይልቅ ይህን ኮድ ቢጠይቅ ለላኪውም ለተቀባዩም ይቀላል፤ ሻንጣ አይፈልግም፣ ቀረጥ የለበትም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። ላኪው ኮዱ በየትኛው አገር እንደሚሠራ አንብቦ ይግዛ።

አካውንት ስትከፍቱ በእኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም አንድ ነገር አለና ልብ በሉ። የልደት ቀን ሲጠየቅ በእኛ አቆጣጠር የተወለደበትን ዓመተ ምሕረት መጻፍ ይቀናናል። በ2007 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ የ2014 ወይም የ2015 ልጅ ነው፤ 2007 ተብሎ ከተሞላ ግን ማይክሮሶፍት ልጁን በ7 ወይም በ8 ዓመት አሳድጎ ያየዋል። ያን ጊዜ ለልጆች የተዘጋጀው ጥበቃ ሁሉ፣ ማለትም ከማያውቀው ሰው ጋር መጻጻፍን የሚገድበው፣ ያለ ወላጅ ፈቃድ መግዛትን የሚከለክለው፣ በሙሉ ይነሣል። ቀኑን በትክክል ቀይሮ መሙላትና የልጁን አካውንት በወላጅ አካውንት ሥር ማስገባት ስጦታው ከመሰጠቱ በፊት መጠናቀቅ ያለበት ሥራ ነው።

መግዛት የማይችል ቤተሰብስ? እዚህ ላይ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ ከጌም ቤት በፍላሽ ማስጫን የተለመደ ነው። እኔ ግን ሉዋንቲ የሚባለውን እመክራለሁ። ቀድሞ ማይንቴስት በሚል ስም ይታወቅ የነበረ፣ ከ2010 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የተገነባ፣ በ2024 ስሙን የለወጠ፣ ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነ የብሎክ ጨዋታ መድረክ ነው። በአሮጌ ላፕቶፕም በአንድሮይድ ስልክም ይሠራል። ቮክሰሊብሬ የሚባለውን ጨዋታ ከጫናችሁበት ማይንክራፍትን የሚያውቅ ልጅ ወዲያውኑ መቆፈር ይጀምራል። ሁለት ነገሩን በተለይ እወድለታለሁ። አንደኛ፣ አንዱ ኮምፒዩተር አስተናጋጅ ሆኖ የተቀሩት በዋይፋይ ራውተር ብቻ ሲገናኙ ኢንተርኔት ባይኖርም ልጆቹ በአንድ ዓለም ውስጥ አብረው መገንባት ይችላሉ፤ በኮሙናሉ ውስጥ የምናደርገውም ይህንኑ ነው። ሁለተኛ፣ ጨዋታዎቹና ተጨማሪዎቹ ሉዋ በሚባል ቀላል የፕሮግራም ቋንቋ ስለሚጻፉ፣ የሚጓጓ ልጅ የአንድን ብሎክ ጠባይ ከፍቶ አንብቦ መለወጥ ይችላል።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ ልግባ። በላፕቶፕ ለሚጫወት ልጅ ከሁሉ በፊት የምመክረው ተራ ማውስ ነው። በጨዋታው ውስጥ የግራ ቁልፍ ይሰብራል፣ የቀኝ ቁልፍ ያስቀምጣል፤ መሐሉን መጫን የሚታየውን ብሎክ ዓይነት ወደ እጅ ያመጣል፣ ተሽከርካሪው ደግሞ በማያ ገጹ ግርጌ ከተደረደሩት 9 የዕቃ ቦታዎች አንዱን ይመርጣል። ይህን ሁሉ በላፕቶፑ የጣት ሰሌዳ ላይ ለማድረግ የሚሞክር ልጅ አንድ ግድግዳ ለማቆም የሚወስድበትን ጊዜ አይቻለሁ፤ ትዕግሥቱ የሚያልቀው በግንባታው ሳይሆን በጣቱ ነው። ማውስ ከተገኘ በኋላ እዚያው ልጅ እጅ ላይ ግድግዳው ይሮጣል። መብራት የሚያበራ፣ ብዙ ቁልፍ ያለው፣ «የጌም» እየተባለ በውድ የሚሸጠው አያስፈልግም። ተሽከርካሪው ሳይንሸራተት ነጥብ በነጥብ የሚዞር መሆኑን ሱቁ ውስጥ በጣት ሞክሩ፤ በቂ ነው።

ቀጥሎ ፍላሽ። ለልጅ ፍላሽ መስጠት ስጦታ አይመስልም፤ ዋጋው የሚገባን ዓለሙ ሲጠፋ ነው። በጃቫ እያንዳንዱ ዓለም ሴቭስ በሚባለው ማኅደር ውስጥ በስሙ አንድ ማኅደር ሆኖ ይቀመጣል፤ እርሱን ቀድቶ ፍላሽ ላይ ማኖር ይበቃል። በስልክ ላይ ደግሞ ዓለሙን ኤክስፖርት አድርጎ በአንድ ፋይል ማውጣት ይቻላል። ስልክ ይወድቃል፣ ይሰረቃል፣ ቦታ ጠበበኝ ብሎ አባት አፕሊኬሽኑን ያጠፋል፤ ያን ጊዜ ለወራት የተገነባ ከተማ አብሮ ይሄዳል። 32 ጊጋ የሆነ ፍላሽ ገዝታችሁ፣ የልጁን ስም ጽፋችሁበት፣ በወሩ መጨረሻ አብራችሁ ስትቀዱ ልጁ ሥራው ዋጋ እንዳለው ከእናንተ ያያል።

ዴስክቶፕ ያለው ቤት ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ ያስፈልገዋል። መብራት በድንገት ሲቋረጥ፣ ጨዋታው ዓለሙን እየጻፈ ሳለ ከሆነ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላልና፤ አስቀምጦ ለመውጣት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ካገኘን ይበቃናል። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው ከዚህ ችግር ነፃ ነው። ላፕቶፕ ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ለጃቫ ሥሪት ራሙ 8 ጊጋ ቢሆን ይሻላል፤ በ4 ጊጋም ይሠራል፣ ነገር ግን የሚታየውን ርቀት መቀነስ ግድ ይላል። የጆሮ ማዳመጫም ጥሩ ስጦታ ነው፤ ጭራቁ ከየት በኩል እየመጣ እንደሆነ የሚታወቀው በድምፅ ነው፣ የኮንዶሚኒየማችንም ግድግዳ ምን ያህል ድምፅ እንደሚያሳልፍ ሁላችንም እናውቃለን።

ከኮምፒዩተር ውጭ ያለው ስጦታ ግን ለእኔ የበለጠ ደስ የሚያሰኘኝ ክፍል ነው። በእኛ ሠፈር ግንባታ ስለማያቋርጥ የእንጨት ቁራጭ አይጠፋም። ከብሎካችን በታች ወርክሾፕ ያለው አናጺ 4 በ5 ሞራሌን በአንዱ ጎን ልጎ 4 በ4 ካደረገው በኋላ፣ በ4 ሴንቲ ሜትር በ4 ሴንቲ ሜትር ይቆርጥልኛል። ትክክለኛ ኩብ ይወጣል። በመጀመሪያው ቀን «ይኼ ደግሞ ለምን ይሆናል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ ልጆቹ መጥተው ወርክሾፑ ወለል ላይ ግንብ ሲሠሩበት ካየ በኋላ ግን ቁራጩን ራሱ እየለየ ያስቀምጥልኛል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስና መቀባት የልጁ ሥራ ይሁን። ቀለሙ በውኃ የሚበጠበጠው ፕላስቲክ ቀለም ቢሆን ይመረጣል፤ ሲንቴቲኩ ይሸታል፣ ከልጅ እጅም ቶሎ አይለቅም።

በዚህ ኩብ ላይ የክሪፐርን ፊት መሥራት ይቻላል። ክሪፐር እየተሳበ መጥቶ የሚፈነዳው አረንጓዴ ጭራቅ ነው፤ ፊቱ በጨዋታው ውስጥ የተሳለው በ8 በ8 ካሬ ብቻ ነው። የኩቡ ጎን 4 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በየ5 ሚሊ ሜትሩ መስመር ስናሰምር በትክክል 8 በ8 ካሬ ይወጣል። መላውን ፊት በአረንጓዴ ከቀባን በኋላ ከላይ ሁለት ረድፍ እንተዋለን። በ3ኛውና በ4ኛው ረድፍ፣ ከግራ 2ኛውና 3ኛው፣ እንዲሁም 6ኛውና 7ኛው ካሬዎች ይጠቁራሉ፤ ዓይኖቹ እነዚህ ናቸው። በ5ኛው ረድፍ መሐል ላይ ያሉት ሁለቱ፣ በ6ኛውና በ7ኛው ረድፍ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ያሉት አራት አራቱ፣ በመጨረሻው ረድፍ ደግሞ 3ኛውና 6ኛው ብቻ ይጠቁራሉ። አረንጓዴውን በሁለት ሦስት ደረጃ ደመቅና ፈዘዝ አድርጎ መቀባት ፊቱን ከጨዋታው ጋር ያቀራርበዋል። አንድ ልጅ ይህን ጨርሶ ሲያበቃ ሥዕል በካሬ እንዴት እንደሚሠራ በእጁ አውቆታል፤ ከዚህ በኋላ ላሙንም አሳማውንም ራሱ ቆጥሮ ያወጣል።

ከመርካቶ የሚመጡት፣ ሌጎን የሚመስሉ የፕላስቲክ መገጣጠሚያዎችም አሉ። ሌጎ ራሱ ከ2012 ጀምሮ የማይንክራፍት ስብስብ ያወጣል፤ ዋጋው ግን ከብዙዎቻችን አቅም በላይ ነው። አስመስሎ የተሠራውን ስትገዙ ከተቻለ ሁለት ፍሬ አስከፍታችሁ ገጥሙና ገልብጣችሁ ያዙት፤ በራሱ ከወደቀ ልጁ የሠራው ሁሉ ሲፈርስበት ስለሚኖር አትግዙት። ታናሽ ሕፃን ባለበት ቤት ትንንሾቹ ፍሬዎች አደገኛ መሆናቸውንም አትርሱ።

ቲሸርትና ስኒ ላይ ማሳተም የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አልቃወምም፣ የሚታተመው ግን ከኢንተርኔት የወረደ ሥዕል ሳይሆን ልጁ የገነባው ይሁን። በጃቫ ኤፍ 1 ሲጫን በማያ ገጹ ላይ ያሉት ምልክቶች ሁሉ ይጠፋሉ፤ ቀጥሎ ኤፍ 2 ሲጫን ምስሉ ይነሣና በስክሪንሾትስ ማኅደር ይቀመጣል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከሕንፃው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከማዕዘኑ በኩል ሲነሣ ጥላው ቅርጹን ያወጣዋል። ይህን ፎቶ ቤት አሳትሞ በፍሬም ሰቅሎ መስጠት ልጁ ከሚያገኛቸው ስጦታዎች ሁሉ የማይረሳው ይሆናል። አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ ያለንበትን ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ፣ ከውጭ ያለውን ደረጃና ልብስ የተሰጣበትን በረንዳ ሳይቀር ገንብታ ነበር፤ እናቷ አሳትማ ሳሎን ሰቅላዋለች፣ ቤቱን ለመጎብኘት የገባ እንግዳ ሁሉ በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለዚያ ሥዕል ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ጎረቤቶቼ ስለዚህ ጨዋታ ስጦታ ሲጠይቁኝ በአብዛኛው ለወንዶች ልጆቻቸው ነው፤ ከማስተምራቸው ልጆች መካከል ልክ ጠብቀው የሚገነቡት ግን ሴቶቹ ናቸው። እባካችሁ እነርሱንም ጠይቋቸው።

ከፍ ላለ ልጅ በነፃ የሚገኙ የፈጠራ መሣሪያዎች አሉ፤ የእናንተ ስጦታ እነርሱን አውርዶ ጭኖ ማስጀመር ነው። ኢንተርኔት ውድ በሆነበት ቤት ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ብሎክቤንች የራስን እንስሳና ዕቃ በሦስት አቅጣጫ ቅርጽ መሥሪያ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ የወጣው ሥራም ለጃቫም ለቤድሮክም ይሆናል። ማጂካቮክሰል በኩብ ቅርጽ መቅረጫ ሲሆን፣ ከጨዋታው ነፃ ሆኖ መሥራት ለሚፈልግ ልጅ ጥሩ ነው። ኤምክሪኤተር ደግሞ ፕሮግራም መጻፍ ሳያስፈልግ የራስን ሞድ፣ ማለትም በጨዋታው ላይ የሚጨመር አዲስ ነገር መሥሪያ ነው፤ ለትንንሾቹ ግን ይከብዳል። ሬድስቶን የሚባለውን፣ በጨዋታው ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያገለግለውን ቀይ ዱቄት የወደደ ልጅ ካላችሁ፣ ባትሪ፣ ትንንሽ አምፖሎች፣ ማብሪያ ማጥፊያና ሽቦ በካርቶን አድርጋችሁ ስጡት። የሬድስቶን ምልክት 15 ብሎክ ተጉዞ ይጠፋል፣ የሬድስቶን ችቦም የመጣለትን ምልክት ገልብጦ ይሰጣል፤ ይህን የተረዳ ልጅ የኮምፒዩተር ሎጂክን መጀመሪያ ይዟልና እውነተኛውን ሽቦ ለመንካት ዝግጁ ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ርካሹን ስጦታ ልናገር፤ ባለ ካሬ ደብተርና ባለቀለም እርሳስ። የማስተምራቸው ልጆች ማንኛውንም ሕንፃ ከመገንባታቸው በፊት በካሬ ደብተር ላይ ወለሉን ይሥላሉ፤ አንድ ካሬ አንድ ሜትር፣ አንድ ሜትር አንድ ብሎክ ነው። የመኝታ ክፍላቸውን በሜትር ለክተው 3 በ4 ሆኖ ሲያገኙት፣ በጨዋታው ውስጥ ደግሞ 3 በ4 ክፍል ሠርተው ሲገቡበት መጥበቡ ይገርማቸዋል፤ አንድ ንድፍ አውጪ ሙሉ ዕድሜውን የሚሠራበትን የልክ ስሜት የሚያገኙት እዚያ ላይ ነው። የአክሱምን ሐውልት ሲገነቡም እንዲሁ ነው። ከሮም በ2005 ተመልሶ በ2008 በቦታው የቆመው ሐውልት 24 ሜትር ነውና 24 ብሎክ ይሆናል፤ ተሰባብሮ የወደቀው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ስለሆነ 33። የሁለቱን ልዩነት መጽሐፍ ላይ አንብቦ የማይሰማው ልጅ፣ ጎን ለጎን አቁሞ ከሥራቸው ቀና ብሎ ሲያይ ይሰማዋል። ላሊበላ ደግሞ የተለየ ፈተና ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የተሠራ እንጂ ተደርድሮ የተገነባ ስላልሆነ፣ ልጁ ድፍን ዓለት መርጦ፣ ከላይ መስቀሉን ሥሎ፣ ዙሪያውን እየቆፈረ መውረድ አለበት። አንድ ብሎክ በስሕተት የቆፈረ መልሶ ሊሞላው ይችላል፤ የጥንቶቹ ጠራቢዎች ግን ያ ዕድል አልነበራቸውም፣ ልጆቹም ይህን ራሳቸው ይናገራሉ።

ካሬ ደብተሩ ለጥለትም ይሆናል። ሸማኔው የድሩን ክር እየቆጠረ ማጉን ሲያሳልፍ የሚሠራው ጥበብ ከመሠረቱ በካሬ የተሠራ ሥዕል ነው። የእናቱን ቀሚስ ጥለት በእርሳስ ወደ ካሬ ደብተር የገለበጠ ልጅ፣ በጨዋታው ውስጥ ባሉት 16 የሱፍ ቀለሞች ወለል ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ያነጥፈዋል። ጨዋታው ከ2019 ጀምሮ የሽመና ዕቃም አለው፤ በእርሱ ሰንደቅ ላይ እስከ 6 ድርብ ንድፍ መደረብ ይቻላል። ሽሮ ሜዳ ወስዳችሁ ሸማኔ ሲሠራ ብታሳዩት ደግሞ፣ ለዚህ ልጅ ከማንኛውም መጫወቻ የበለጠ ስጦታ ነው።

ይህ ሁሉ የልጅ ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች ሰፈራ ፕሮግራም ከሞያንግ ጋር በ2012 ብሎክ ባይ ብሎክ የተባለ ሥራ መጀመሩን ይወቅ። ነዋሪዎች የራሳቸውን አደባባይና ሜዳ በማይንክራፍት ነድፈው ለባለሙያዎች እንዲያሳዩ የሚያደርግ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ የተካሄደውም እዚያው ናይሮቢ፣ ኪቤራ ውስጥ ነው። እኛም በብሎኮቻችን መካከል ያለውን፣ በክረምት የሚጨቀየውን ባዶ ቦታ ለክተን በጨዋታው ውስጥ ሠርተነዋል። ልጆቹ ዛፍ፣ መቀመጫና የኳስ ሜዳ አስቀመጡበት፤ የጎርፉን መውረጃ ረስተውት ስለነበር ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናብ ሲዘንብ መስኮት ላይ ቆመው ውኃው በየት በኩል እንደሚሄድ አይተው አስተካከሉት። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ አንድ የልክ ሜትር ነው። ባለ 5 ሜትሩ ከማንኛውም የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ይገኛል፤ ለማይንክራፍት ወዳጅ ልጅ ስሰጥ ተቀባዩ ያልተደሰተበት ጊዜ አላየሁም፤ በማግሥቱ ቤቱ በሙሉ ይለካል።

በመጨረሻ ለእንቁጣጣሽ የማዘጋጀውን ልጥቀስ። ልጆቹ እንደ ወጉ አበባ ሥለው በየቤቱ ሲዞሩ፣ እኔ ዘንድ ደግሞ አደይ አበባን በ16 በ16 ካሬ እንዲሥሉ አደርጋለሁ፤ በጨዋታው ውስጥ የአንድ ብሎክ ሥዕል ስፋት ይህ ነውና። የተሳካው ሥዕል ጊምፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ካሬ በካሬ ተገልብጦ በፒ ኤን ጂ ይቀመጣል። ከዚያ ሪሶርስ ፓክ በሚባለው፣ የጨዋታውን ሥዕሎች በራስ ሥዕል በሚተካው ማኅደር ውስጥ፣ ዳንዴላየን ለተባለው ቢጫ አበባ በተሰጠው የፋይል ስም ይገባል፤ ፓኩ በጨዋታው ውስጥ ከተመረጠ በኋላ ኤፍ 3 እና ቲ አብረው ሲጫኑ ሜዳው ሁሉ በልጁ አደይ አበባ ይሞላል። ጨዋታው አበባን የሚያሳየው ሥዕሉን ሁለት ጊዜ አመሳቅሎ በማቆም ስለሆነ፣ ግንዱ ከካሬው መሐል ቢነሣ ያምራል፤ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ እንደሆነ ዞር ብለው ሲያዩት ሁለት ግንድ ይመስላል። የሥዕሉ ጀርባም ነጭ ሳይሆን የሌለ፣ ማለትም የሚያሳልፍ መሆን አለበት፤ ጀርባው ሳይነሣ ከተቀመጠ አበባው በነጭ ካርቶን ላይ የተለጠፈ ሆኖ ይወጣልና፣ ፋይሉን ከማስገባታችሁ በፊት ጊምፕ ላይ ከሥዕሉ ኋላ ግራጫ የዳማ ሰሌዳ መታየቱን አረጋግጡ።